የመተማው ጠበቃ ደብዳቤዎች

ልጅ እያለሁ፣ ስቶክሆልም ዳር፣ ኖርስቦሪ በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን የበሩ ደወል በማለዳ ከጮኸ ልቤ ትር ትር ይል ነበር። አባቴ ጠበቃ ነው። እኔና እማዬ ወደ ስቶክሆልም ስንመጣ እሱ ሱዳን ድንበር ላይ፣ መተማ ቀረ። ለሹፌሮች፣ ለቀን ሠራተኞች፣ ደላላ ገንዘባቸውን ለበላባቸው ስደተኞች ይከራከራል። ደላሎቹ እንደዛቱበት እማዬ ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ። ልጅ ምን ያውቃል ብላ ነው፤ ልጅ ግን ሁሉን ይሰማል።

ደብዳቤው የሚመጣው በሰው እጅ ነበር፤ ወረቀቱ አቧራና ሰሊጥ ይሸታል። አባዬ ለእኔ ሲጽፍ እንኳ ጠበቃነቱ አይለቀውም፤ «አንደኛ፣ እናትሽን ታዘዢ። ሁለተኛ፣ አማርኛሽን እንዳትረሺ» ይለኛል። እማዬ ጮክ ብላ ስታነብልኝ እኔ በስዊድንኛ እመልሳለሁ፤ እሷ ትቆጣለች።

አንድ ጊዜ፣ በረዶው ሲጠና፣ ከአባዬ ደብዳቤ መምጣት አቆመ። እማዬ እንቅልፍ አጣች፤ እኔም ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሐሳቤ መተማ ነበር። አንድ እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ደወሉ ጮኸ። እማዬ ስትከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ከሌሎች ምእመናን ጋር ቆመዋል፤ ሁሉም ጥቁር በጥቁር። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ተሰብስቦ። እማዬ አንድ ቃል ሳትጠብቅ «ወይኔ! ባሌን በሉት!» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። እኔ የተሰቀሉት ካፖርቶች ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን ደፈንኩ። ካልሰማሁት አይሞትም ብዬ ነበር።

«ኧረ በኢየሱስ ስም! ደህና ነው ልጄ፣ ተነሺ! ደብዳቤ ነው ያመጣንልሽ!» አሉ ጋሽ ታደሰ ከእሷ ብሰው ደንግጠው። ከከተማው ማዶ፣ ሶለንቱና በሚባል ሰፈር ያረፈ እንግዳ ከአባዬ ያመጣውን ደብዳቤ ከጸሎት በፊት እናድርስላት ብለው ነው። ጥቁሩም የከተማው ሰው ሁሉ የሚለብሰው የብርድ ካፖርት ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ቀድመው ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት!» አለች እማዬ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

ዛሬ አባዬ ከእኔ ጋር ነው፤ አርጅቶ መጣ። ልጄ «ሞርፋር»፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ እያለች በስዊድንኛ ስታዋራው «ተቃውሞ አለኝ» ይላታል። የሚዝትበት የለም። ያኔ አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ አባዬን በደህና አምጣልኝ ብዬ የለመንኩት ይኸው ተሰጠኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ሲያሸልብ ሥራዬን ትቼ አጠገቡ እቆማለሁ። ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ እኔም አልተነፍስም።