መጽሐፍ ያሳለፈ መንገድ

ልጄ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ በእሷ ፈንታ መጽሐፍ መጣልኝ። ፍኖተ ሰላም ድረስ ያደረሰልኝ እህሉን አዲስ አበባ አራግፎ ባዶ ጆንያ ጭኖ የሚመለስ የሰፈራችን ሹፌር ነው፤ ከጆንያዎቹ መሀል ሸጉጦት ስለነበር ከፌስታሉ ሳወጣው የወረቀት ሳይሆን የቃጫና የጤፍ ብናኝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። «መንገዱ አያስተማምንም ብላለች» አለኝ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ወደ ጎማው መልሶ። አመስግኜ ሸኘሁት። ግን መጽሐፍ ያሳለፈ መንገድ ልጄን ለምን እንደማያሳልፍ እስካሁን አልገባኝም።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ ያውም ዘንዶ የሚናገርበት፣ በአንድ ሰማይ ሦስት ጨረቃ የሚወጣበት፣ አንዲት ልጅ የዋርካ ግንድ እንደ በር ተከፍቶላት ወደ ሌላ ዓለም የምትገባበት። የዛሬ ልጆች «ፋንታሲ» ይሉታል። እኔ አልተስማማኝም። ሰዉ ሁሉ ጎራዴ ይመዛል እንጂ አንድም ሲያርስ የሚታይ የለም፤ ይህን ሁሉ ሠራዊት ማን ነው የሚቀልበው? እንዲህ እያልኩ ለብቻዬ ስነጫነጭ ቆይቼ ድንገት ደነገጥኩ። ይህ የእኔ ንግግር አልነበረም፤ የአክስቴ የእታገኝ ነበር።

አክስቴ እታገኝ ቡሬ ላይ እህል ነጋዴ ነበሩ። ወላጆቼ አገራችን ገበዝ ማርያም ሲቀሩ እኔ ለትምህርት እሳቸው ዘንድ ነበር የተቀመጥኩት፤ መደብራቸው ወደ ነቀምት በሚገነጠለው መንገድ ዳር፣ ከበርበሬ ሻጮች አጠገብ ስለነበር ስናጠና ማስነጠስ፣ ስንበላም ማስነጠስ ነበር። ገበሬ ጆንያ ሲያቀርብላቸው አፉ ላይ ያለውን አያዩም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ያስገቡና ከሥሩ ይዘግናሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ቆርጠም ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት። ሰውንም እንደዚያው ነበር። የንስሐ አባታቸው የጾም መግቢያ ቀን ሲነግሯቸው እንኳ አጎንብሰው መስቀል ይሳለሙና ዘወር ብለው ጎረቤት ሄደው ያጣራሉ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ይበልጣል የሚባል። ቅኔ ቤት ከርሞ ሲያበቃ ትቶት አዲስ አበባ ገባ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ በሰው በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር፣ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ድምፁ በጠፋ በስንት ጊዜው፣ በአንድ የመስከረም ገበያ ቀን፣ አንድ መንገደኛ ከሚኒባስ ወርዶ ከይበልጣል ነው ብሎ መጽሐፍ ሰጣቸው። አክስቴ ማንበብ ስለማይችሉ ለእኔ አቀበሉኝ።

«ምን ይላል ልጄ?»

ገለጥኩት። «ልብ ወለድ ነው እቴቴ። ተረት።»

«አንተ ልጅ፣ ይበልጣል እናቱን ሲያስታውስ ተረት ነው የሚልክ? ቅኔ ቤት የከረመ እኮ ነው፤ ሰሙን ትተህ ወርቁን ፈልግልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ገበያው ሲበተን እኔ ጆንያ ላይ ቁጢጥ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው እህል እየለቀሙ ይሰማሉ። አንድ ጎረምሳ ተራራ ተሰንጥቆ ያሳልፈዋል፤ ከተራራው ወዲያ ጥላቸውን እንደ ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች አሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ስደነቅ አክስቴ ፖሊስ ሆነው ይመረምራሉ። ዘንዶው በቀን አሥር በሬ ይበላል ስል «ለአሥር በሬ ግጦሹ ወዴት ነው?» ይላሉ። ጎረምሳው ወርቅ ሲያገኝ «ማን አይቶታል?» ይላሉ። ጣዕሙ ፈጽሞ አልገባላቸውም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እህል መልቀማቸውን አቆሙ።

«እናቱ ተራራው ሥር ቆማ ቀረች ነው ያልኸኝ?»

«አዎ እቴቴ።»

«በል ቀጥል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ግጦሽም ስለ ወርቅም አልጠየቁም። የሚጠይቁት ያቺ እናት ተመልሳ መጣች ወይ ብቻ ነበር። አልመጣችም። አንድ ከሰዓት ትዕግሥታቸው አለቀና «ከላይ ከላዩን ተወውና ከሥር ዝገን» አሉኝ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ጎረምሳው ነግሧል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል።

«እናቱስ?»

«አልተጻፈችም እቴቴ።»

«እስቲ ደኅና አድርገህ ፈልግ።»

ፈለግሁ። ወደ ኋላ እየገለጥኩ እስኪያልበኝ ፈለግሁ። አክስቴ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከጆንያዎቹ ጀርባ አስቀመጡት። «ይኸን የጻፈ ሰውዬ እህሉን ሳይነፋ ነው የሸጠ» አሉ። ግን ከዚያ በኋላ መገንጠያው ላይ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ከእህላቸው ቀና ሲሉ አያቸው ነበር።

ይበልጣል የመጣው ለአርባቸው ነው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ያን መጽሐፍ ለምን እንደላከ ጠየቅሁት። «የቱን መጽሐፍ?» አለኝ። አስታወስኩት። «እህ፣ እሱን! አላነበብኩትም እኮ፣ መናኸሪያ ላይ ሽፋኑ አምሮኝ ነው።» በንዴት ጠላውን ትቼለት ወጣሁ። አክስቴ ልጃቸውን ሲበረብሩ የከረሙት እሱ ባልገባበት ጆንያ ውስጥ ነበር።

መደብሩ ዛሬ የሞባይል ሱቅ ሆኗል። ቡሬ በሄድኩ ቁጥር አልፈዋለሁ፤ አንድ ነገር ሲነግሩት እጅጌውን ሰብስቦ ከሥር የሚዘግን ሰው ግን ከእሳቸው ወዲህ አላጋጠመኝም፤ ይናፍቁኛል።

ትናንት ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ መጽሐፉን ከምን አደረሱት?»

«ገና ነኝ። ያቺ ወደ ዋርካው የገባችው ልጅ አባት አላት አይደል? ከብት ሊያጠጣ ወንዝ ወርዶ ነበር። ተመልሳ ታየዋለች?»

ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! እያነበቡ ይድረሱበት እንጂ።»

ሳቋን እስከ ሥሩ ልሰማው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። ከዚያ ለመጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅኋት። «አንቺስ አንብበሽዋል?»

«ሁለት ጊዜ! አንብቤው አይደል የላክሁልዎ?»

ሽፋኑ አምሮኝ ነው ብትለኝ ኖሮ እንዴት ባረፍኩ። አንብባ ከላከችው ግን መጨረሻው የእሷ መልስ ነው። አሁን የመጨረሻውን ገጽ በሁለት ጣቶቼ ይዤ ተቀምጫለሁ። አክስቴ ቢኖሩ እጃቸውን ሰድደው ይገልጡት ነበር፤ እኔ አልቻልኩም።