ቀባሪ ያስቀረው ዶክተር

የዶክተር አጵሎስን ስም እኛ ከተማ ሺንሺቾ ላይ ብታነሱ ግማሹ ሰው ይመርቀዋል፣ ግማሹ ይረግመዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የገበሬ ልጅ ነው፤ እናቱ አባይነሽ ቅቤ ሸጣ አስተምራው ቀዶ ሐኪም ሆነ። አዲስ አበባ ሥራ ቢሉት እምቢ ብሎ ሆሳዕና ሆስፒታል ገባ። ገብቶም ዕድሜውን የመኪና አደጋ ያመጣበትን ሰው ሲሰፋ ፈጀው።

ከሁሉ ያንገበገበው የለቅሶ አይሱዙ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲሞት መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ የጭነት አይሱዙ እንከራይና አሮጊቱም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ዘማሪውም እንደ ድንች ጆንያ ተደራርበን እንሄዳለን። ሟች ልናከብር ሄደን ሟች ጨምረን እንመለሳለን! አንድ ቅዳሜ እንዲህ የሞላ መኪና ከሺንሺቾ በታች ያለው ኩርባ ላይ ተገለበጠ። ዶክተሩ ሌት ተቀን ከቀዶ ጥገናው ክፍል አልወጣም። የሚያውቃቸውን ሰዎች እግር ቆረጠ። አብራው የተማረችው ሊሻን እጁ ላይ ሞተች።

ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አቃተው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየገበያው፣ በየመናኸሪያው "ለቅሶ በአይሱዙ አትሂዱ! በእግር ድረሱ፤ ካልሆነም በማግስቱ ድረሱ" እያለ ዞረ። ሽማግሌዎቹ "ቀባሪ ሊያሳጣን ነው" ብለው አኮረፉት። እናቱ ግን አላኮረፈችም፤ ፈራች። እሷ ያልቆመችበት ቀብር አልነበረማ።

"ልጄ፣ እኔ ሰው ስሸኝ ኖሬአለሁ። የእኔን ቀን ጭር እንዳታደርግብኝ" አለችው።

"አላደርግም እማዬ" አላት። ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል ገባ።

ባለፈው ክረምት አባይነሽ ሞተች። የቀብሯ ዕለት ከሀደሮ ቀባሪ የጫነ አይሱዙ ያንኑ ኩርባ ሲወጣ፣ ዶክተሩ ጋቢውን እንደለበሰ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሾፌሩ ናስረዲን ፍሬኑን ረገጠ።

"ውረዱ!"

"ዶክተር፣ የእናትህ ቀብር እኮ ነው!"

"ለዚህ ነው ውረዱ የምለው።" እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን ነቀለ።

ከላይ ጩኸት ሆነ። "ይኼ ሰው አብዷል! ኧረ ያዙልን!" ዝናቡ መንገዱን አቡክቶታል። ከወረዱት ግማሹ እየተራገመ በእግሩ ወደ ቤቱ ዞረ፤ የቀረው በጭቃው አቀበቱን ተያያዘው። ወሬው በስልክ ሲደርሳቸው ሌሎቹ መኪኖችም ከመንገድ ተመለሱ። ሰማዩ ዳግም ሲጠቁር አስከሬኑን ማቆየት አልተቻለም፤ አባይነሽ በጎረቤቶቿና በጥቂት ዘመዶቿ ብቻ ተቀበረች።

"ደስ ይበልህ!" አለው ወንድሙ ወልደየሱስ። "እናቴን እንደ ባዕድ ቀበርካት።"

ዶክተሩ ኪሱ ውስጥ የቀረውን የአይሱዙ ቁልፍ ጨብጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እትዬ ትርፊት ደረሰች። የአባይነሽ የዕድሜ ልክ የገበያ ጓደኛ ናት፤ ከዚያው መኪና ወርዳ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ፣ በዱላዋ እየተደገፈች ነው የመጣችው። መቃብሩን አየች። ዶክተሩን አየች። ዱላዋን ጥላ ደረቱን በቡጢ ትመታው ጀመር።

"አስቀረኸኝ! ጓደኛዬን ሳልሸኛት አስቀረኸኝ!"

አልተከላከለም።

"አዎ፣ አስቀረሁሽ እትዬ" አላት። "ግን ይኸው በሕይወት አለሽ።"