ስሙን አልጠየቅሁትም

የያዙኝ ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ለምሳ ወጥቼ የተከራየሁትን ቤት በር እየከፈትኩ ነበር። ሁለት ወታደሮች መጡና "ትፈለጊያለሽ" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቁልፉን በሩ ላይ ትቼው ሄድኩ።

ያስገቡኝ ቀድሞ ማዳበሪያ ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከእኔ በፊት አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገበያ ላይ አረቄ የሚሸጡ፣ ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብለው የተያዙ። "ወደዚህ ነይ፣ በዚያ በኩል ያፈሳል" ብለው ጠጋ አሉልኝ።

ብዙም ሳልቆይ ተጠራሁ። መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ የአገራችን ልጅ ነው። እሑድ ዕለት እንደ ቆሎ ተማሪ ደበሎ የለበሰ ወጣት ቤቴ በር ላይ ቆሞ ለምኖ፣ እንጀራ ሰጥቼው ነበር። መርማሪው እንደሚለው ልጁ የታጣቂዎች መልእክተኛ ነው፤ የላኩትም የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ናቸው። እሳቸውም ታስረዋል።

"ስሙ ማነው?"

"አልጠየቅሁትም።"

"የማታውቂውን ሰው ታበያለሽ?"

"በእንተ ስማ ለማርያም አለኝ።"

በእኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ የለመነ ሰው ከየት መጣህ፣ ማን ላከህ አይባልም። ያለውን ሰጥቶ መሸኘት ነው።

"እሱንማ እናቴም ትሰጣለች" አለ ፈገግ ብሎ። "እሷ ግን ዲግሪ የላትም። የየኔታ ተማሪ ነው፣ የላኩትም እሳቸው ናቸው በይ፣ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካልሆነ ነገ ጠዋት መኪና አለ። ወዴት እንደሚሄድ አልነግርሽም።"

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው።

"በያቸዋ!" አሉ። "የኔታን ሽማግሌ ናቸው ብለው ይተዉዋቸዋል። አንቺ ግን ሴት ልጅ ነሽ። በኋላ ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያለሽ፣ ስግደት ያዙሻል፣ አለቀ። ጉልበት እንደሆነ አለሽ።"

አሰብኩበት። ልጁ የየኔታ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ያስቸገረኝ ይህ ነው። ሊሆን ይችላል፣ ግን አላውቅም።

ወደ አሥር ሰዓት ግቢው ውስጥ ከየኔታ ጋር አገናኙን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸውን ወስደውባቸው ራሳቸው ባዶ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወታደሩ ከለከለኝ።

"ንገሪያቸው" አለ መርማሪው።

ወደ የኔታ ዞርኩ።

"ልጄ፣ የምታውቂውን ተናገሪ" አሉ የኔታ። "ለእኔ ብለሽ ምንም አትጨምሪ።"

"አላውቅም" አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ። መርማሪው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ምን አለች?" አለ። ወታደሮቹ ሳቁ። ደግሜ አልተናገርኩም። "እስከ ጠዋት ታስብበት" ብሎ መለሰኝ።

ይህ ከሆነ ቆይቷል፤ አሁን ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። የኔታም ወጥተው ያስተምራሉ፤ በእኔ ቃል ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም። ደፋር ነሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ዛሬም ስብሰባ ላይ እጄን አላወጣም። ያን ጊዜም ድፍረት አልተሰማኝም። ፍርሃትም አልተሰማኝም። ሰውነቴ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ያኔ በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ለመጠጥ ካስቀመጡት ውኃ ላይ አፈሰሱልኝና ፊቴን ታጠብኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ። በሩ ሲከፈት የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። የኔታ በግቢው ማዶ ቆመዋል። መርማሪው አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩት።

"እንጀራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማን እንደላከው አላውቅም። የኔታ ላኩት ብል ውሸት ነው።"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ወታደሩ ክንዴን ሊይዘኝ እጁን ሲዘረጋ ቀድሜው ሄጄ፣ መኪናው ላይ ራሴ ወጣሁ።