ከጎሬ የመጣው ዞኮሎ

መቱ ውስጥ ልከራየው የፈለግሁት ቤት ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ነበር። ከጣሊያን በፊት አንድ የቡና ነጋዴ ያሠሩት፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ቤት ነው። ነጋዴው ሞተው ባለቤታቸው እትዬ ብቻቸውን ከጎኑ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። እኔና እናቴ የምንኖርባት የጭቃ ቤት ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳዋ ያልባል፤ ምስጡ ከመሬት ተነሥቶ መጻሕፍቴን ከሥር ጀምሮ ይበላቸዋል። ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጅ ወልደው በሚያሳድጉበት ዕድሜ ስለሆነ፣ አስተማሪ እስክሆን ድረስ ያሉኝን መጻሕፍት የሰበሰብኋቸው አንድ በአንድ ነው። ሌላ ክረምት እዚያ ቤት እንዲያሳልፉ አልፈለግሁም።

ቤቱን በመጠየቅ የመጀመሪያዋ እኔ አልነበርሁም። እትዬ ግን ለሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው። በጣሊያን ጊዜ ቤቱን የያዙት ወታደሮች የኋለኛውን ክፍል ዞኮሎ ነቅለው እሳት ሞቀውበታል። ዞኮሎ የሚሉት አናጢዎቹ ናቸው፤ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን ክፍተት የሚሸፍነው ጠባብ ጣውላ ነው። እትዬ «ጠርዙ» ነው የሚሉት። ጠርዙ እንደ ነበረ ካልተመለሰ ቤቱን ለማንም አይሰጡም።

«እኔ አስመልሰዋለሁ፣ እትዬ» አልኋቸው።

«ሁሉም እንደዚያ ብሏል። አንዱ ጭቃ ልለጥፍበት አለኝ። አንዱ የሻይ ሣጥን ፈልጦ ይዞልኝ መጣ።»

«የእኔ እንደዚያ አይሆንም።»

«እንግዲህ እናያለን። ዓይኗ ደክሟል ብለሽ ግን እንዳታታልዪኝ። እጄ አልደከመም።»

የፊተኛው ክፍል ዞኮሎ አልተነካም ነበርና ተንበርክኬ አየሁት። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ በዕድሜ ብዛት ጠቁሯል። አናቱ ክብ ሆኖ ተልጓል፤ ከክቡ ሥር ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ፣ የላይኛው ሰፊ፣ የታችኛው ቀጭን። ቅርጹን ወረቀት ላይ ስዬ ለከተማው አናጢ ሰጠሁት። ናሙና ሠርቶ አመጣ። እትዬ አውራ ጣታቸውን አንዴ አሳለፉበትና መለሱልኝ።

«ይሄ ሌላ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሁለቱ መስመሮች እኩል ሆነዋል። አናጢው ደግሞ ቢሞክር፣ ቀጭኑ መስመር ጠፍቶ መጣ። እንዲህ ያለ መላጊያ የለኝም አለኝ፤ መሬት ላይ ያለን ነገር ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል ሲልም ጨመረበት። እኔ አያለሁ አልሁት።

ቤቱን የሠራው ሰው ጎሬ ላይ ለሌላ ነጋዴ ልክ እንደዚሁ ያለ ቤት መሥራቱን እትዬ ራሳቸው ነገሩኝ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። ስደርስ ቤቱ የለም። ባለቤቱ የድንጋይ ቤት ሊሠራ ከዓመታት በፊት አፍርሶታል። ያፈረሰው ደግሞ በደቦ ነው፤ እንጨቱን ሊያግዘው ለመጣው ጎረቤት ሁሉ አካፍሎታል። ሚስትየው ማን ምን እንደወሰደ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ሰው ቤት መግባት አልወድም። መግባት ግን ግድ ሆነ። የሰው ቤት ገብቶ እንጨት ስጡኝ አይባልም፤ ይቀመጣሉ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፣ የቀረበውን ይቀምሳሉ፤ እንጨቱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኔ ግን እንደገባሁ ያገኘዋል። አንዱ የዶሮ ቆጥ ሆኗል። አንዱ የአልጋ ጎን ሆኖ ተመቷል። አንዱ በር ከውስጥ የሚደገፍበት ነው። በጉልበቴ ያገኘሁትን አልሸጥም አሉኝ ሁሉም። በአዲስ ጣውላ ልለውጥ ስላቸው ግን እሺ አሉ። መቱ ተመልሼ፣ በየርዝመታቸው ዋንዛ አስቆርጬ፣ በሌላ መኪና ይዤ ወጣሁ። አዲስ ሰጥታ አሮጌ የምትወስድ ሴት መጣች ተባለ፤ አንዲት እናት ዓይኔን ፈርታ ልጇን ወደ ጓዳ ስታስገባም አየሁ።

ከበሩ አጠገብ ላለው ግድግዳ የሚሆነው ብቻ ቀረኝ። እርሱ ያለው በአንድ ሐጂ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሐጂ ቤቱ ሲፈርስ ሠራተኛውን ስላበሉ ነው የደረሳቸው። ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር አስተኝተው፣ ሜትሩንና ግማሽ ሜትሩን በናስ ምስማር ምልክት አድርገውበት፣ አቡጀዲና ካኪ ይለኩበታል።

«ይሄን አልሰጥሽም፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሌላ ነገር ሳልናገር አዲሱን ጣውላ በብብቴ አይተው።

«ርዝመቱ እኩል ነው፣ ሐጂ። ምልክቱን እኔው አዛውራለሁ።»

«እንጨቱ የኔ ነው። ሰው ያመነው ግን ይሄንን ነው። ነገ አዲስ እንጨት ባስቀምጥ ሐጂ ሜትር ቆረጠ ይሉኛል።» እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። «ከፈለግሽ በገበያ ቀን፣ ሰው ፊት አድርጊው። ሰው ከተቀበለው ውሰጂው።»

ሰው ፊት መቆም ለእኔ ከባድ ነው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፄን ከፍ ለማድረግ ዓመት ፈጅቶብኛል። ገበያ ቀን ሲደርስ ግን የትምህርት ቤቱን የእንጨት ሜትር ይዤ ሱቁ በር ላይ ተገኘሁ። ሐጂ ሁለቱን ጣውላ ጎን ለጎን አስተኙልኝ። ሰው ተሰበሰበ።

«አስተማሪዋ ሜትራችንን ልትወስድ መጣች» አለ አንድ ካኪ ሊገዛ የመጣ ገበሬ።

«ዝም ብላችሁ እዩ» አሉ ሐጂ።

ሜትሬን በአሮጌው ጣውላ ላይ አስተኛሁ። ጫፍ ለጫፍ አገጣጠምሁ። የናሱ ምስማር ከሜትሬ ጫፍ አውራ ጣት ያህል አልፎ ቆሟል። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ሐጂም ጎንበስ ብለው አዩ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት በየሜትሩ አውራ ጣት ጨርቅ ሲጨምሩ ኖረዋል።

መጀመሪያ የሳቀችው ቅቤ ይዛ የቆመች ሴት ናት። «ሐጂ፣ ሲመርቁልን ነው የኖሩት ለካ።»

«ሳላውቅ መረቅሁ» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ወደ እኔ ዞሩ። «የትኛው ነው ልኩ?»

«የኔው ነው።»

«ካን ዱሪ ወያ» አለ ገበሬው፤ የድሮው ይሻላል ማለቱ ነው። ከኋላው ያሉትም በኦሮምኛም በአማርኛም ያንኑ አሉ። ምስማሩን ልኩ ላይ ነው የምመታው ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትሁ። ሐጂ ቀደሙኝ።

«ሰው ቤቱ የሰፋውን ካኪ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል። እንደ አሮጌው ምቺው።»

«ስሕተቱንም?»

«እንዳለ። የመጣሽው እንደ ነበረ ይሁን ልትዪ አይደለም?»

የደብተሬን ጥግ እንደ ማእዘን ይዤ ከአሮጌው ምስማር ወደ አዲሱ ጣውላ መስመር አሻገርሁ። ልክ እንዳልሆነ የማውቀውን ቦታ ፀጉር ታህል ሳላዛንፍ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሰርዤ አሰመርሁ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ «ትንሽ ወደዚህ» ሲለኝ «አይሆንም» አልሁት፤ ድምፄ ከሱቁ ውጪ ተሰማ። ሐጂ የናሱን ምስማሮች ነቅለው ሰጡኝና አንድ በአንድ መታሁ። ከዚያ ገበሬው የመጀመሪያውን ካኪ በአዲሱ ጣውላ አስለካ፤ ሐጂም መልሰው በአሮጌው፣ ምስማሩ ከተነቀለበት ቀዳዳ ለኩለት። ገጠመ። ሰዉ ተበተነ፤ እኔም አሮጌውን ጣውላ ይዤ ወጣሁ።

መቱ ላይ አናጢው ሁሉንም ገጥሞ ከመታ በኋላ እትዬን ጠራኋቸው። በርጩማቸውን ትተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አውራ ጣታቸውን መስመሩ ውስጥ አግብተው በግድግዳው ሥር እየተሳቡ ዞሩ። ከበሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

ልሸፍነው እችል ነበር፤ አናጢውም ሸፍኚው ብሎኝ ነበር። እንጨቱ ጨርቅ ሲለካበት መኖሩን፣ ከማን እንዳመጣሁት፣ በምን እንደለወጥሁት ነገርኋቸው። ተነሥተው በጣታቸው ግድግዳ እየዳሰሱ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄዱ፤ የዚያኛውን ዞኮሎ ነኩ፣ ተመልሰው ይሄኛውን ነኩ። እንደገና ሄዱ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ውጪ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

«አንድ እጅ ነው የሠራው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ቀዳዳውን በሰም ድፈኚው፤ ጉንዳን ይገባበታል።» ከቀሚሳቸው ኪስ ቁልፉን አወጡ፤ ለእኔ ከመስጠታቸው በፊት ግን ያዝ አደረጉት። «እናትሽ ወለሉን በውሃ የምታጥብ ዓይነት ናት?»

«እነግራታለሁ።»

«አንቺ አትነግሪያትም። ጥሪያትና እኔ እነግራታለሁ።»

እናቴን ልጠራ ሄድሁ።