ከውጭ የተሰጠው መልእክተኛ

ታይና በፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ ለደሴቶቹ ጀልባዎች የትኬት ድረ ገጽ ፕሮግራም ስትጽፍ ነው ጸጉሯ የሸበተው። በሯን ቆልፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ መቆለፉን ለማረጋገጥ ተመልሳ የምትገፋ ሴት ናት። ኮዷም እሷኑ ይመስል ነበር። ትኬት የሚቆርጠው ክፍል ኢሜይል መላክ ሲያሻው ላኪ የሚባለውን የኮድ ቁራጭ እዚያው ራሱ ይፈጥራል እንጂ ከማንም አይቀበልም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ባይ ናት።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ኢልፖ የሚባል ዝምተኛ ሰው ተቀጠረና ይህን ይለውጥ ጀመር። በእሱ አሠራር ትኬት ቆራጩ ምንም አይፈጥርም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ፋይል ተመርጦ ከውጭ ይሰጠዋል።

«ማን እንደሰጠው በምን ያውቃል?» አለችው።

«ማወቅ የለበትም። ላኪ ይሁን እንጂ የትኛውም ይሆነዋል። ስንሞክር የውሸቱን እንሰጠዋለን፤ ለሥራው እውነተኛውን።»

«ለሥራውም የውሸቱን የሚሰጥ ሰው ቢመጣስ?»

እሱ ወደ ሥራው ዞረ። ከዚያ ወዲህ የነካውን ፋይል ሁሉ ከኋላው እየገባች ታነብ ጀመር።

በረዶው ሊጀምር ሲል የመንገደኞች ስልክ በዛ። ከፍለዋል፤ ትኬቱ ግን በኢሜይል አልደረሳቸውም። ሲስተሙ ለሁሉም «ተልኳል» ይላል። ታይና ኢልፖን ምሳ ላይ፣ የአተር ሾርባውን ይዞ ሳይቀመጥ ያዘችው።

«እጅህ አለበት።»

«ላኪው የሚመረጥበትን ፋይል ከነካሁት ቆየሁ። ካላመንሽኝ ከፍተን እንይ።»

«አላምንህም። እንይ።»

ሾርባው እየቀዘቀዘ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩ። ትኬት ቆራጩ የተሰጠው የሙከራው ላኪ ነው፤ ምንም ሳይልክ ሁሌ «ተልኳል» የሚለው። የቀየረችው ደግሞ አለቃቸው ማርዩት ሆና ተገኘች።

ሲጠይቋት ፊቷ ቀላ። «ድረ ገጹን ለእንግዶች ሳሳይ የሙከራው ትኬት ለሰው እንዳይደርስ ብዬ ነው። የመለስኩት መስሎኝ ነበር።»

ኢልፖ አንድ መስመር አስተካከለና ያልደረሱትን ትኬቶች እንደገና ላኩ።

«በእኔ አሠራር ይህ አይሆንም ነበር» አለች ታይና።

«አምና ላኪውን በየፋይሉ ስትቀይሪ ግን ስንት ቦታ ረሳሽ?»

አመሻሽ ላይ ታይና የራሷን የጥበቃ ኮድ ጻፈች፤ በእውነተኛው ሥራ ላይ የውሸት ላኪ ከተሰጠው ፕሮግራሙ ጨርሶ አይነሳም። ኢልፖ አነበበው።

«ይሄ ማንን ነው የሚጠረጥረው?»

«ሁላችሁንም። እኔንም።»

አንድ ቃል ሳይነካ ተቀበለው። ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠበቀም። ፋይሎቹንም ማንበቧን አልተወችም፤ እንዲያውም የማርዩትን ጨመረችበት።