አልጋ የሚያወጣው ጋኔን

የእህቴ እጮኛ በግንቦት ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ሊጠይቀን ሲመጣ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። አንድ ታዋቂ የአስፈሪ ልብወለድ ደራሲ ለጋዜጠኞች የሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ስብስብ ነው። ደራሲው ያደገው እኛ አሁን በምንኖርበት ቤት ነው፤ የእህቴ እጮኛ ደግሞ ደራሲውን ሊያመልከው ምንም አልቀረው።

በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ደራሲው፣ ቤቱ ጋኔን ስለነበረበት አባቱ በመሸ ቁጥር አልጋ ወደ ግቢ ያወጡ እንደነበር ይናገራል። በሚቀጥለው ቃለ ምልልስ አልጋውን የሚያወጣው ጋኔኑ ራሱ ሆነ። ወደ መጨረሻው ላይ አልጋው በእግሩ እየሄደ ወጣ። ጋዜጠኞቹ በየገጹ ይደነቃሉ፤ አገሩ ይሞቃል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም።

ለጎረቤታችን ለጋሽ ሰይድ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «በዚህ ወበቅ ጂኑስ ቢሆን ቤት ውስጥ ያድራል?»

እጮኛው አልሳቀም። «ጋኔኑን ለምዳችሁት ነው» አለን ኮስተር ብሎ።

ሲመሽ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አልጋችንን አወጣን። የእሱንም ልናወጣለት ስንል እምቢ አለ። ጋኔኑን ፊት ለፊት ማግኘት እፈልጋለሁ ብሎ ገባና፣ እንዳያመልጠው መስኮቱን ሳይቀር ዘጋው። እህቴ በሀፍረት ነጠላዋን ተከናነበች።

ጠዋት ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ግን በደስታ በርቶ ወጣ።

«ሌሊቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ ሲያሳጣኝ አደረ» አለን። «እናንተማ ብልጦች ናችሁ፤ ወጥታችሁ አመለጣችሁት።»