ቁልፉን የያዘው ሰውዬ

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን ሲያመልጥ እያወቅሁት፣ እንዲያውም እያጨበጨብኩለት ነው።

ሠርካለም እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ኦስሎ መጥቼ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሕፃናት አፍንጫ ስጠርግ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ አንድ የሆላንድ የጭነት ድርጅት አልናብሩ ሰፈር ለሚሠሩ ሰዎቹ የእንግሊዝኛ መምህር ሲፈልግ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ ብሪን ሰፈር በተከራየው ክፍል ሰሌዳ ፊት ስቆም ዳግም የተወለድኩ መሰለኝ። ኩራቴ አይጣል ነበር።

ተማሪዎቼ ዘጠኝ ሆላንዳውያን ናቸው። እኛ በአንዲት «የ» የምንገላገለውን ነገር እንግሊዝኛ ለሰው አንድ፣ ለዕቃ ሌላ ማያያዣ ያወጣለታል። የእነሱ ቋንቋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን አይለይም፤ ሾፌሩንም መኪናውንም በዕቃ ማያያዣ ይጠሩልኛል። ግሱን እንደ እኛው ወደ መጨረሻ ሲወረውሩት ግን ወደድኳቸው።

አንድ ሳምንት ይህንኑ ማያያዣ የምንለማመድበት ርዕስ ወንጀል ነበር፦ ሌባ፣ ተጠርጣሪ፣ ምስክር፣ ዘረፋ። መጽሐፉ የራሱ ምሳሌ አለው። እኔ የመጽሐፍ ምሳሌ ከድሮም አልወድም፤ ደብረ ብርሃን ሰዋስው የማስተምረው በሰፈር ሰው ነበር። ጠላ ሻጯን፣ ዘበኛውን፣ ርዕሰ መምህሩን ሳይቀር እያነሳሁ ልጆቹን በሳቅ እገድላቸው ነበር። ፈረንጅ ደግሞ ከእኛ ሰው ማንን ያውቃል ብዬ፣ አቦይ ተወልደመድህንን ሰሌዳ ላይ አወጣኋቸው።

አቦይ ተወልደመድህን ትራም ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። የሐበሻ ማኅበራችንን አዳራሽ ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ከዘጠኝ ወር በፊት የአዳራሹ ሞንታርቦ ጠፋ፤ በሩ ግን አልተሰበረም። ፖሊስ መርምሮ ተዋቸው፤ እኛ አልተውናቸውም። ፊት ለፊት ሌባ ያላቸው የለም። ቁልፉን ተቀበልናቸውና ሰላምታችንን ቀነስን። እኔም ቀንሻለሁ።

«ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሌባው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም «ትራም ያጸዳ የነበረው ሽማግሌ ሞንታርቦውን ሸጠው።» ስማቸውን ሳይቀር አሰፈርኩ። ይባስ ብሎ አነካከሳቸውን በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተራመድኩ አሳየሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ የሚቀመጠው ዮሪስ ብቻ ቀና ሳይል ይገለብጥ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ አልኩ በልቤ። ለቤት ሥራም በዚሁ ወንጀል ላይ አምስት ዐረፍተ ነገር አዘዝኩ።

ሐሙስ ዕለት ዮሪስ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ።

«ሌባ ያልሽው ሰው የባለቤቴ የሳሊና አባት ነው። ሞንታርቦው የጠፋበትን ቀን ያሳለፈው ሳሊና ልጃችንን በወለደችበት ሆስፒታል ነው። ይህን ያጣራው ፖሊስ ነው፤ ከማኅበራችሁ የጠየቀው ሰው የለም። የሚያነክስበት እግሩ የተሰበረው ትራም ሲያጸዳ ነው። ክፍል ውስጥ ያየሁትን ለሳሊና ያልነገርኳት ስለማፍር ነው።»

አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ፣ የሚያፍረው እሱ! ትምህርቱ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ለእኔ አይደለም» አለኝ። «አማቴ እሑድ እኛ ቤት ናቸው።» አድራሻውን ጽፎ ሰጠኝ።

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ የምናገረውን በባቡሩ ውስጥ ስደረድር ነው የደረስኩት። በሩን ሳሊና ከፈተችልኝ። አባቷ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ በዚያ እግራቸው ለመነሳት ታገሉ።

«ኧረ በማርያም፣ ይቀመጡ አቦይ» አልኩ።

«ሠርካለም! አንቺ ነሽ?» እንባ አቀረሩ። «ይሄ ልጅ ሲወለድ እንኳ ከማኅበሩ እንኳን ማርያም ማረቻት ያለን የለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«አቦይ፣ እኔ የመጣሁት…»

«አዎ፣ አዎ፣ ገብቶኛል ልጄ። ሁሉም ሲያሙኝ አንቺ አላመንሻቸውም። መቼም አስተማሪ አይደለሽ? ታመዛዝኛለሽ።»

ሳሊና ፊቷ በራ። ትሪ ይዞ ከወጥ ቤት ወደ መጣው ባሏ ዞራ በእንግሊዝኛ «አባባ የሚለው፣ ስሙን ያላጠፋችው ሰው እሷ ብቻ ናት ነው» አለችው።

ዮሪስ ትሪውን አስቀምጦ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይጠብቅ ነበር። አቦይም ይጠብቁ ነበር። ፊታቸው እንዲያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። እውነቱን ብናገር ያ ፊት ምን እንደሚሆን አሰብኩ፤ ዋሽቼ ነው፣ ያሰብኩት የራሴን ፊት ነው።

«አላመንኩም፣ አቦይ» አልኩ።

መረቁኝ። ሳሊና ያልኩትን ልትተረጉምለት ስትዞር፣ ዮሪስ «ገብቶኛል» አላትና ሻይ ቀዳልኝ።